ያልተጠፈረ አልጋ

በእኛ አገር አልጋ የሚተኙበት ዕቃ አልነበረም። ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። በቆርቆሮ ቤት፣ በስፖንጅ ፍራሽ ላይ ያደገ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ነው። ቤታችን ስማዳ ውስጥ፣ ምድሩ ወደ በሽሎ ገደል ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነበር። ወገዳ ገበያ ደርሶ ለመመለስ ቀኑ በሙሉ ያልቃል። የሁላችንም መኝታ መደብ ነው፤ ከግድግዳው ጋር በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ በላዩ ጭድ፣ በጭዱ ላይ ቁርበት። በደብሩ ውስጥ አልጋ የነበረው ጭቃ ሹሙ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አይተኛበትም፤ ግድግዳ አስደግፎት ይኖራል። ሰው ሲታመም ወደ ጠበል የሚወሰደው በዚያ አልጋ ነው፤ ሲሞትም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሸኘው በዚያው ነው። እሳት ልትጭር የመጣችን ጎረቤት እምቢ እንደማይሏት ሁሉ፣ አልጋ ሊወስድ የመጣንም እምቢ አይሉትም። እምቢ ያለ እንደሆነ የራሱን ሬሳ ማን ይሸከምለታል?

ያ አልጋ አንድ ክረምት ቁልቁለት ላይ ሰው እንደ ተሸከመ ወገቡ ተሰበረ። የሚጠግነው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ የደብሩ ሬሳ በቃሬዛ ሆነ። ሁለት ረጅም አጣና ይቆረጣል፣ በመካከላቸው አግዳሚ እንጨት ከዛፍ በተላጠ ልጥ ይታሰራል፣ ቁርበት ይነጠፍበታል፣ በቃ። ሰው ዕድሜ ልኩን አርሶ፣ ጾሞ፣ ቀድሶ፣ መጨረሻው ሁለት አጣና ነበር።

እኔ በዚያ መደብ ላይ ሁለት ልጆች ወልጄ ሁለቱንም ቀብሬያለሁ። የመጀመሪያው ክርስትና ሳይነሣ ሄደ። ሁለተኛው ተነሥቶ፣ ስም ወጥቶለት፣ ጡት እየሳበ ደረቱ ማፏጨት ጀመረና እሱም ሄደ። ሁለቱም የክረምት ልጆች ናቸው። የእኛ አገር ክረምት ከላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ከታችም ይመጣል። ጠዋት ጭዱን ስጫነው እጄ ይርሳል። ሰዉ ሁሉ የየራሱን ምክንያት አመጣ። አንዷ ዓይን ነው አለች፣ አንዷ የዛር ነገር ነው አለች፣ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ደግሞ በግልጽ ባይናገሩትም ማኅፀኔን ነበር የሚጠረጥሩት። እህል ሲሰፍሩልኝ እንኳ እጃቸው ይሰበሰብ ነበር።

እውነቱን የነገሩኝ አንዲት ሴት ናቸው። የጎረቤታችን እናት፣ የአገሩ አዋላጅ። ሁለቱንም ልጆቼን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ ሁለቱንም አጥበው የገነዙልኝም እሳቸው። ሁለተኛው በተቀበረ ማግሥት መጥተው መደቡን በመዳፋቸው ዳበሱና እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ አንቺ ምንም አልሆንሽም። ቤትሽ ነው የታመመው። ሦስተኛውን ከመሬት አንሥተሽ ውለጂው።»

ባለቤቴ ከደጅ ተቀምጦ ድግር ይጠርብ ነበር። ጠረባው ቆመ። እሱ መናገር የሚወድ ሰው አልነበረም። በሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፣ ብቻችንን ስንሆን አንተ፤ እሱ ግን በሁለቱም ጊዜ ዝም ነው። በሳምንቱ ጠገራውን ስሎ ወደ አባቱ ርስት ወረደና ከገደሉ አፋፍ የቆመችውን ዋንዛ ጣላት።

ግንዱን ያወጣው ከጎረቤታችን ጋር ነው፤ ከአዋላጇ ልጅ ጋር። እኛ አንድ በሬ፣ እነሱ አንድ በሬ ነበራቸው፤ ሁለቱን አቀናጅተው ነው በየተራ የሚያርሱት። በሬዎቹ ያን ግንድ ዳገት ለዳገት ሲጎትቱ አንገታቸው ተላጠ። ጎረቤታችን የራሱን በሬ አንገት ቅቤ እየቀባ «ምን ልትሠራበት ነው?» ቢለው፣ ባለቤቴ «አልጋ» አለ። ወሬው ከግንዱ ቀድሞ ደብሩን አዳረሰ። ከቅዳሴ ሲወጡ ያሾፉበት ጀመር። «አልጋ ወራሽ ሊወለድ ነው እንዴ?» ይሉታል። እሱ ይስቃል እንጂ አይመልስም። እኔ ነበርኩ የምበሽቀው።

አልጋ መሥራት እንደማየቱ ቀላል አይደለም። ባለቤቴ እንደ ማንኛውም ገበሬ ሞፈርና ቀንበር ይሠራል፤ በርጩማም ሠርቶ ያውቃል። አልጋ ግን ያየው ወይ ግድግዳ ተደግፎ፣ ወይ ሬሳ ተጭኖበት ነው። ሬሳ የተጫነበትን አልጋ ደግሞ ማን ጎንበስ ብሎ ከታች ያያል? ጭቃ ሹሙ ቤት ሄዶ የተሰበረውን አገላብጦ በክንዱ ለክቶ መጣ። ጣውላው ቆጥ ላይ በጭስ ሲደርቅ በጋው ገባ። ከዚያ ከደጅ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይጠርባል፣ በመሮ ይፈለፍላል፣ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቃል። እግሮቹን ከወይራ አወጣቸው። አቆመውና አንዱ እግር ረዘመ። እሱን ሲያሳጥር ሌላው ረዘመ። ያንን ሲያሳጥር የፊተኛው ረዘመ።

«እንዲህ ከቀጠልህ ተመልሶ መደብ ይሆናል» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያም አራቱንም እግር ጣለና ከአዲስ ወይራ ጀመረ። ምስማር የለው፣ ሁሉም በእንጨት ውሻል ነው የተያያዘው። የቆዳው ጠፍር የሚወጠርበትን ቀዳዳ በጋለ ብረት ሲያቃጥል ቤቱ በጭስ ታፍኖ አማቴ እየሳሉ ወጡ። ለፋሲካ ቅርጫ ሲታረድ ሥጋውን ትቶ ቆዳውን በድርሻው ወሰደ። ያን ዓመት ፋሲካን በሽሮ የዋልን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ አማቴ ይህን እስኪሞቱ ድረስ አልረሱለትም። ቆዳውን ዙሪያውን እየዞረ አንድ ረጅም ጠፍር አድርጎ ቀደደው፣ ጠቅልሎም ቆጥ ላይ ሰቀለው።

አልጋው በአራት እግሩ ቆሞ፣ መኻሉ ባዶ ሆኖ፣ ከቤቱ ጥግ ተቀመጠ። ጠፍሩ ተነክሮ መወጠር ብቻ ነው የቀረው። እኔ ደግሞ አርግዤ ነበር። ቀረብ ብዬ ጎኑን ዳሰስኩትና ሳላስበው አንድ ነገር ከአፌ ወጣ።

«ሬሳ የተኛበት ላይ ግን እኔ አልወልድም።»

አየኝ፣ ሆዴን አየ፣ አልጋውን አየ። መሮውን ወልውሎ አስቀመጠ።

ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት አለፈ፣ ጠፍሩ ከቆጡ አልወረደም። ብጠይቀው «ይደርሳል» ይላል። አንዳንድ ቀን አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የተፋቀውን መልሶ ይፍቃል፣ የጠበቀውን ውሻል ይቀጠቅጣል፤ ድምፁ ለጎረቤት ይሰማል። ሰነፈ ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከማዶ ሰው መጣ። ወንድሙ ታሞበት ወደ ጠበል ሊወስደው ነው፣ አልጋ ሠርታችኋል ሲባል ሰምቶ ነው። ባለቤቴ አልጋውን አሳየውና «አልተጠፈረም» አለው። ሰውየው አየ፣ አመሰገነ፣ ሄደ።

ሰውየው ከዓይን ሲሰወር ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ።

«የተጠፈረ ዕለት የአገሩ ነው» አለኝ። «እስክትወልጂ ድረስ የአንቺ ይሁን።»

ደስ አለኝ። ሌላ ምን ልበል? ሁለት የቀበረች ሴት ናት ደስ ያላት። ለእኔ ሲል ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር ድብብቆሽ የገጠመ ባል ስንቷ አላት እያልኩ አሰብኩ።

ሰኔ አልቆ ዝናቡ እንደ ገባ አዋላጇ ሞቱ። ጎን ወጋኝ እንዳሉ ሳይሰነብቱ ነው የሄዱት። ጠዋት ነው፣ ካፊያ ይጥላል፤ ጎረቤታችን ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ከበራችን ላይ ቆመ። ዓይኑ አብጧል። ምን እንደሚፈልግ መናገር አላስፈለገውም። ባለቤቴ ተነሣ። ያ ዝምተኛ አፉ ምን ሊል ነው ብዬ ምሰሶውን ያዝኩ። ስጥ ልለው ስል ሆዴን ያዝኩ፣ አትስጥ ልለው ስል ምሰሶውን ያዝኩ። አልጋውን ያሳሰቡን እኮ እሳቸው ናቸው!

«አልተጠፈረም» አለ ባለቤቴ። ድምፁ የሱ አይመስልም።

ጎረቤታችን አልጋውን አየ። ቀና ብሎ ቆጡ ላይ የተጠቀለለውን ጠፍር አየ። ግንዱን በገዛ በሬው የጎተተ ሰው ነው፣ አልጋው ምን ያህል እንደ ቀረው አይጠፋውም። አጣና አጋድመንበት እንወስደዋለን ቢል ኖሮ የምንመልስለት ቃል አልነበረንም። አላለም።

«ይሁን» አለና ዞሮ ሄደ። አማቴ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ቀብር መሄድ ስላልቻልኩ ያየሁት የለም፤ የሰማሁት ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ ነው። ቃሬዛውን በልጥ ነው ያሰሩት፤ ልጥ ደግሞ ዝናብ ሲመታው ይለቃል። ወንዙ መኻል ሲደርሱ የእግርጌው አግዳሚ ተፈታና አሮጊቷ ከነመግነዛቸው ውኃው ውስጥ ገቡ። ያን ሁሉ ልጅ በደረቅ እጃቸው የተቀበሉ ሴት! ከኋላ ተሸክሞ የነበረው የእኔ ባል ነው። ራሱን ውኃው ውስጥ ወረወረና አንሥቶ አቀፋቸው፤ ያንን ዳገት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ብቻውን ተሸክሞ ወጣ አሉ። ማታ ውኃ እየተንጠባጠበበት ቤት ገባ፣ ከእሳቱ ራቅ ብሎ ተቀመጠ፣ እህል አልቀመሰም።

«ጥፈረው» አልኩት በማግሥቱ። «ይብቃ። የፈለገ ይውሰደው።»

«አሁንማ እንዴት ብዬ? ዛሬ ከጠፈርኩት ትናንት ዋሸሁ ማለት ነው።»

ደግ ነገር ላደርግ ብሎ የገባበት ውሸት እንዲህ ያዘው። ሊጠፍረው ያፍራል፣ ሳይጠፍረው ሲቀርም ያፍራል። ጎረቤታችን አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ቢናገር በተሻለ ነበር። በሬውን እንደ ወትሮው ያመጣል፣ አብረው ያርሳሉ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከቤታችን ጣራ ሥር አልገባም፤ ከደጅ ይጠራል። ምሳ ይዤ እርሻ ስወርድ ጀርባውን ሰጥቶ የራሱን ቆሎ ይቆረጥማል። «ቅመስ እንጂ» ስለው «ጾም ላይ ነኝ እታለም» ይለኛል። ማክሰኞ ቀን ነው፣ ምንም ጾም የለም።

ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ሆዴ ዝቅ አለ፣ መውለጃዬ ደረሰ። ባለቤቴ ጠፍሩን አውርዶ ነከረውና ባንድ ቀን ወጠረው። እየወጠረ አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም። በእሳት ዳር ደርቆ እንደ ከበሮ ሲጠብቅ ጭድ ጎዘጎዘበት፣ ቁርበት አነጠፈበት። የተረፈውን ጠፍር ጠቅልሎ ከበሩ አጠገብ ካለችው ችካል ላይ ሰቀለው። ልጄን የወለድኳት እዚያ ላይ ነው። ሴት ናት፤ አልጋ ወራሽ ሲሉ የነበሩት አፈሩ። አዋላጇ የሉም፣ የተቀበሏት አማቴ ናቸው።

ልጅቷ ኖረች። ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይህን አልረሳም። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ሳይናገር ይመጣል፣ እጁን ከጭዱ ሥር ይሰዳል፣ ይዳብሳል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል። ደረቅ ነው። እሱ ሲሄድ እኔም እጄን እሰድ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ እንደ እነዚያ ጠዋቶች ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰው እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል ሲመጣ አልጋውን ያያል፣ የጠፍሩን አዲስነት ያያል፣ ፈጥኖ መርቆ ይወጣል። ከጎረቤታችን ቤት ቅቤ ተላከልን፤ እሱ ግን አልመጣም።

የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው። ባለቤቴ ለድግሱ ማርና ጌሾ ሊያመጣ ጥቅምት ሲገባ ወደ በሽሎ ቆላ ወረደ። አትደር ብለውት ነበር፤ የቆላ ወባ በዚያ ወራት አይምርም። ማሩ ሳይቆረጥለት ቆይቶ አደረ። ማሩን ይዞ፣ ጌሾውን ይዞ፣ ንዳዱንም ይዞ ተመለሰ።

መደቡ ላይ ተጋደመ። ወደ አልጋው ና፣ እኔና ልጅቷ እንወርዳለን ብዬ ለመንኩት።

«አታንሻት» አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «በሞቴ አታንሻት።»

እንዲህ እንዳለ ጥቂት ሰነበተና አንድ ጠዋት፣ ሰው ከብት በሚያሰማራበት ሰዓት፣ እዚያው መደቡ ላይ ዐረፈ። አንድ ክንድ ከፍ ብዬ ካልጋው ላይ ሆኜ ነው ያየሁት።

ቤቱ በሰው ሞላ። ካህናቱ መጡ፣ ተገነዘ። ከዚያ ሁሉም እኔ ወዳለሁበት ጥግ ማየት ጀመረ። የሚያዩት እኔን አልነበረም። ለደብሩ ሁሉ የሚሆን አልጋ እዚያ ቆሟል፣ የሠራው ሰውዬ ራሱ ሞቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል? አማቴ እያለቀሱ መጥተው ልጅቷን ሊያነሡ እጃቸውን ዘረጉ።

«ውረጂ ልጄ፤ ቀን ነው ያመጣው።»

አልተከራከርኩም። በምን አፌ? አንድ እግሬን አወረድኩ፣ መሬቱ ቀዘቀዘኝ። ያን ጊዜ ጎረቤታችን በሩን አልፎ ገባ። እናቱ ከሞቱ ወዲህ ያንን ደፍ ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው።

«አትውረጂ እታለም» አለ።

«ታዲያ በምን ይሂድ?» አሉት ቄሱ።

«እናቴ በሄደችበት።»

እኔ ደሜ ፈላ። በቀሉን ቆጥቦ፣ ቆጥቦ፣ የባሌ ሬሳ ፊት አወጣው አልኩ። እዚያው ላይ ሆኜ ረገምኩት፤ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቷል። እሱ ግን ወደ በሩ ዞሮ ችካሏን ቀና ብሎ አየና ጠየቀ።

«ይቺ ከአልጋው የተረፈች ጠፍር ናት?»

አወረዳት፣ ከጋኑ ውኃ ቀድቶ ነከራት። አጣናዎቹ ደጅ ተቆርጠው ነበር። ልጡን ሁሉ በቢላዋ በጣጠሰና አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ በዚያ ጠፍር ራሱ አሰራቸው፤ እግሩን እንጨቱ ላይ አስደግፎ ሲስብ የአንገቱ ሥር ይገተራል። የሚረዳው ሰው ሲመጣ «ተወኝ» ይለዋል። ለቅሶው እስኪያበቃ ጠፍሩ ፀሐይ ላይ ደረቀ፣ ጠበቀ። በመጨረሻ ቃሬዛውን አነሣና ከመሬት ጋር አጋጨው። ንቅንቅ አላለም።

ወሰዱት። እኔ ሰማንያ ቀኔን ስላልጨረስኩ ደጀ ሰላም መርገጥ አልችልም፤ ልጅቷን አቅፌ አልጋው ላይ ቀረሁ። ዋይታው ቁልቁለቱን ሲወርድ እሰማለሁ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጸጥ አለ። ልጅቷ ጡት ስትስብ የነበረው ድምፅ እንኳ በዛብኝ፣ ጡቴን ከአፏ አስለቀቅኳት። ያ ጸጥታ እንዴት ረዘመ! ከዚያ ዋይታው ከማዶ ተነሣ፣ ወደ ዳገቱም ወጣ።

ከቀብር መልስ ቀድሞ የደረሰው ጎረቤታችን ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። ጠፍሩን ፈትቶ ይዞት መጥቷል፤ ጠቅልሎ ችካሏ ላይ መልሶ ሰቀለው።

«ተሻገረ» አለኝ። «አልተፈታም።»

ከዚያ ባለቤቴ ከተኛበት መደብ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አማቴ ንፍሮ አቀረቡለት። እጁን ታጠበ፣ ዘገነ፣ በላ።